ባድላንድስን ከልጆችና ከእናት ጋር፦ መቼ፣ በየት በኩል፣ እንዴት?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችን እና እናቴ በመኪና ወደ ሳውዝ ዳኮታ ልንሄድ አስበናል። ትልቋ 13፣ መካከለኛው 10፣ ትንሿ 4 ዓመቷ ነው። ያለን አራት ቀን ነው። የምንሄደው ማውንት ረሽሞርን፣ የፕሬዚዳንቶቹን ተራራ፣ ለማየት ነው። መንገድ ላይ ባድላንድስ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። የሄዱ ጓደኞቻችን ‹ደረቅ ገደል ነው፣ አንድ ሰዓት ይበቃዋል፣ ሙቀቱ አይቻልም፣ እባብም አለ› አሉን። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ግሪን ካርድ አላት። ጉልበቷን ያማታል፣ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፣ ፍልሰታንም ትጾማለች። የመረጥነው የኦገስት ሁለተኛ ሳምንትን ነው። እንቁም ወይስ እንለፈው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ቁሙ። ከቻላችሁም አንድ ሌሊት እደሩበት። ሥራዬ በዚያ አካባቢ ቤተሰቦችን ማስጎብኘት ነው፤ ባድላንድስን በችኮላ አልፈው የሚቆጩ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ጓደኞችሽ የነገሩሽ ሐሰት አይደለም። በኦገስት እኩለ ቀን ከሀይዌይ ወርዶ አንድ ሰዓት የቆመ ሰው የሚያየው ያንኑ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ገደሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ይመስላል፣ እንስሳት የሉም፣ ልጆች ያለቅሳሉ። ያው ቦታ ፀሐይ ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት ሲቀራት ይለወጣል። ጥላው ይረዝማል፣ ቀይና ቢጫው መስመር ብቅ ይላል፣ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፣ እንስሳቱ ይወጣሉ። ማለዳም እንደዚያው ነው። ስለዚህ የምነግርሽ ነገር ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው፤ ባድላንድስ የሚታየው በማታና በማለዳ ነው። እኩለ ቀን የዕረፍት ሰዓት ነው። የእናትሽም የልጆችሽም ጉዳይ በዚሁ ይፈታል።

መጀመሪያ ግን ቀኑን ቀይሩ። የኦገስት ሁለተኛ ሳምንት ከሁሉም የከፋው ጊዜ ነው። ምክንያቱ ሙቀቱ ብቻ አይደለም። በዚያው ሰሞን፣ ለማውንት ረሽሞር ቅርብ ከሆነችው ከራፒድ ሲቲ ብዙም በማትርቀው በስተርጂስ ከተማ ትልቁ የሞተር ሳይክል ጉባኤ ይካሄዳል። ከ1938 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ባለሞተሮች ይመጣሉ። የሆቴል ዋጋ ይሰቀላል፣ ክፍል ይጠፋል፣ መንገዱም ይጨናነቃል። በዚያ ላይ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ ይህ በፈረንጆቹ ኦገስት 7 ነው። የሚፈታው ነሐሴ 16፣ ማለትም ኦገስት 22 ነው። እናትሽ ውኃ ሳይጠጡ እስከ ከሰዓት በኋላ የሚቆዩ ከሆነ በዚያ ሙቀት ውስጥ ይዞ መዞር ከባድ ነው።

የኔ ምርጫ ከኦገስት 23 በኋላ ያለው ሳምንት ነው። ጾሙ ተፈቷል፣ ሞተረኞቹ ሄደዋል፣ ሙቀቱም ትንሽ ይበርዳል። በሚኒሶታ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት ከሌበር ዴይ በኋላ ስለሆነ ልጆቹም ነፃ ናቸው። የልጆቻችሁን ትምህርት ቤት ካላንደር ግን አንዴ እዩት።

ኦገስት 31 ሳያልፍ መሄድ ሌላም ጥቅም አለው። የ10 ዓመቱ ልጅሽ በሰኔ 4ኛ ክፍልን የጨረሰ ከሆነ ቤተሰቡን በሙሉ በነፃ ማስገባት ይችላል። የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች የብሔራዊ ፓርኮች ነፃ ማለፊያ አለ፤ ከሴፕቴምበር እስከ ኦገስት መጨረሻ ያገለግላል። ‹ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ› በሚለው የመንግሥት ድረ ገጽ ልጁ ራሱ አጭር ነገር ሠርቶ ወረቀቱን ያወጣል። ወረቀቱን አትማችሁ ያዙ። በር ላይ ያንን ሲሰጡ ትክክለኛው ካርድ ይሰጣቸዋል። ያለዚያ ለአንድ መኪና የመግቢያው ዋጋ 30 ዶላር ነው፤ ለ7 ቀን ያገለግላል።

እናትሽም የራሳቸው መብት አላቸው። ብዙ ሐበሻ ይህን አያውቅም። ዕድሜው 62 የሞላ የአሜሪካ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት የአረጋውያን ማለፊያ ማውጣት ይችላል። ለአንድ ዓመት 20 ዶላር፣ ለዕድሜ ልክ 80 ዶላር ነው። እሳቸው መኪናው ውስጥ ካሉ አብረዋቸው የተሳፈሩትም ያልፋሉ። ግሪን ካርዱን መያዝ እንዳይረሳ። በቪዛ ለጉብኝት ለመጡ ወላጆች ግን ይህ አይሠራም። ማውንት ረሽሞር የመግቢያ ክፍያ የለውም፤ የመኪና ማቆሚያ 10 ዶላር ያስከፍላል፣ ለዚያ እነዚህ ማለፊያዎች አያገለግሉም።

አሁን ወደ መንገዱ። ከሴንት ፖል እስከ ፓርኩ 500 ማይል ገደማ ነው። ሳይቆሙ ከነዱት ስምንት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል፤ ከአራት ዓመት ልጅ ጋር አሥር ብለሽ አስቢ። በሀይዌይ 35 ወደ ደቡብ ወርዳችሁ አልበርት ሊ ላይ ሀይዌይ 90ን ትይዛላችሁ፤ ከዚያ ቀጥ ያለ ጉዞ ነው። ገና ሳይነጋ ውጡ። ልጆቹ በፒጃማ ከነብርድ ልብሳቸው ይግቡና ይተኙ። ቁርስ ሱ ፎልስ አካባቢ ይደርሳል። ከተማዋ ውስጥ የአበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ስላለ ከቤት የረሳችሁትን እዚያ ታሟላላችሁ።

ለምሳ ቼምበርለን ላይ ቁሙ። ሚዙሪ ወንዝ ላይ ቁልቁል የሚያይ ሰፊ የማረፊያ ቦታ አለ። እዚያ ‹ዲግኒቲ› የምትባል፣ ኮከብ ያለበት ብርድ ልብስ በጀርባዋ የዘረጋች የአንዲት ነባር አሜሪካዊት ሴት ሐውልት ቆማለች። ቁመቷ 50 ጫማ ነው፤ የቆመችው በ2016 ነው። እናትሽ ይወዷታል ብዬ አስባለሁ። መጸዳጃውም ንጹሕ ነው። ከወንዙ ማዶ አገሩ ይለወጣል። የበቆሎው እርሻ እየሳሳ ይሄድና ሣር ብቻ ይሆናል። የሳውዝ ዳኮታ ሀይዌይ በሰዓት 80 ማይል ይፈቅዳል፤ የጎን ነፋሱ ግን ኃይለኛ ስለሆነ መኪናችሁ ከፍ ያለ ከሆነ ቀነስ አድርጉ። መርዶ (Murdo) ከምትባለው ከተማ ወዲያ ሰዓታችሁ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህ ለእናንተ ትርፍ ነው፤ ከቀኑ ብርሃን ሳይጠፋ ትደርሳላችሁ። ካዶካ ላይ ነዳጅ ሙሉ። ፓርኩ ውስጥ ማደያ የለም።

መግቢያው ኤግዚት 131 ነው። ብዙ ሰው በዎል ከተማ በኩል፣ በኤግዚት 110 ነው የሚገባው። ከምሥራቅ ለሚመጣ ቤተሰብ ግን 131 ይሻላል። በሩን እንዳለፋችሁ ‹ቢግ ባድላንድስ ኦቨርሉክ› የሚባል መመልከቻ አለ። እስካሁን ያያችሁት ሜዳ በድንገት ይቆረጣል። ከእግራችሁ በታች ገደሉ ይጀምራል። እናትሽ ከመኪናው ብዙ ሳይርቁ ያዩታል።

ያንን ምሽት ለዚህ ለምሥራቁ ጫፍ ብቻ ስጡት። ‹ዊንዶው› የሚባለው መንገድ ርዝመቱ ሩብ ማይል ብቻ ነው፤ በሳንቃ የተነጠፈ ስለሆነ ለጉልበት አያስቸግርም። መጨረሻው ላይ በግድግዳው ውስጥ እንደ መስኮት የተከፈተ ቦታ አለ። ‹ዶር› የሚባለውም ከዚያው የመኪና ማቆሚያ ይነሳል፤ የመጀመሪያው ክፍል ሳንቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወጣ ገባ መሬት ስለሆነ እናትሽ እዚያው ወንበር ላይ ቢጠብቁ ይሻላል። ‹ክሊፍ ሼልፍ› ደረጃ ይበዛዋል፣ ለእሳቸው ይቅር።

ልጆቹ «ይህ ምንድን ነው? ማን ቆረጠው?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህን ስታስረጃቸው ነው ጉዞው ጉዞ የሚሆነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው።

ከ75 እስከ 69 ሚሊዮን ዓመት በፊት ይህ ቦታ የባሕር ወለል ነበር። የሰሜን አሜሪካን መሐል ከላይ እስከ ታች የሚከፍል ባሕር። ከታች የምታዩት ጥቁር መሰል ንጣፍ የዚያ ባሕር ጭቃ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ለአየርና ለዝናብ ተጋለጠና ወደ ቢጫ አፈር ተለወጠ። በማግሥቱ በምዕራቡ በኩል ‹የሎው ማውንድስ› ላይ ያንን ቢጫ ጉብታ ታገኙታላችሁ። ከዚያ በላይ ያለውን ንጣፍ ያመጡት ወንዞች ናቸው። ከ37 እስከ 34 ሚሊዮን ዓመት በፊት አገሩ ሞቃትና እርጥብ ነበር፤ አዞ መሰል እንስሳትም ይኖሩበት ነበር። በኋላ እየደረቀ ወደ ሣር ሜዳ ሄደ። ቀያዮቹ መስመሮች በዚያ ዘመን የነበሩ አፈሮች ናቸው። በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ዝጎ ነው የቀላው። ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ነጣ ያለ ንጣፍ አለ። እሱ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከምዕራብ በነፋስ መጥቶ የተከመረ።

ይህ ሁሉ ለብዙ ሚሊዮን ዓመት ሲደራረብ ኖረ። መቆረጥ የጀመረው ግን ከ500 ሺህ ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። ወንዞቹና ዝናቡ በአማካይ በየዓመቱ አንድ ኢንች ያህል ያጥቡታል። ለልጅሽ እንዲህ በይው፤ «አንተ ከተወለድክ ወዲህ ይህ ግድግዳ አሥር ኢንች ያህል ታጥቧል።» በሦስተኛው ቀን ማውንት ረሽሞር ስትደርሱ ደግሞ ሌላውን ንገሪው። የዚያ ተራራ ድንጋይ ግራናይት ነው። አንድ ኢንች ለመታጠብ 10 ሺህ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ፊቶቹን እዚያ ለመቅረጽ የተመረጠው አንዱ ምክንያት ይህ ጥንካሬ ነው። ሁለቱን በአንድ ጉዞ ያየ ልጅ የመሬትን ታሪክ ከመጽሐፍ ከሚማረው በላይ ይረዳዋል። ባድላንድስን ዘላችሁ ረሽሞርን ብቻ እንድታዩ የማልፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ልጆች ሁልጊዜ ዳይኖሰር ይጠይቃሉ። እዚህ የሚገኘው ቅሪተ አካል በአብዛኛው ዳይኖሰሮች ከጠፉ በኋላ የኖሩ የአጥቢዎች ነው። ውሻ የሚያክል፣ በእያንዳንዱ እግሩ ሦስት ጣት ያለው ፈረስ። አውራሪስ የሚመስል ግዙፍ እንስሳ። በግ የሚያክል ኦሪዮዶንት የሚባል ቅጠል በል፤ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። ረጅም ክራንቻ ያለው፣ ድመት የሚመስል አዳኝም አለ። ስለ ድንቅነሽ የሰሙ ከሆነ ማነጻጸሪያው ቀላል ነው። ድንቅነሽ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ናት። እነዚህ ከእሷ ዘመን አሥር እጥፍ ገደማ ይርቃሉ። ሁለቱም የተገኙት ግን በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ ዝናብ አፈሩን አጥቦ አጥንቱን ሲያወጣው።

በ2010 አንዲት የ7 ዓመት ልጅ ከጎብኚዎች ማዕከሉ አቅራቢያ አንድ ነገር አየች። አልነካችውም፤ ሄዳ ለሬንጀሮች፣ ለፓርኩ ጠባቂዎች፣ ነገረች። የዚያ ክራንቻ ያለው አዳኝ የራስ ቅል ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ልጆችሽ ገብተው ዓይናቸውን መሬት ላይ ቢጥሉ ሞኝነት አይደለም። ካገኙ እንዳያነሱት። ቦታውን ፎቶ አንሥተው፣ አካባቢውን አስተውለው ይናገሩ። አጥንትም ድንጋይም አበባም ከፓርኩ ይዞ መውጣት በሕግ የተከለከለ ነው። ደግሞም አጥንቱ ከንጣፉ ከወጣ ዕድሜው የሚታወቅበት መንገድ ይጠፋል።

የጎብኚዎች ማዕከሉ ‹ቤን ራይፍል› ይባላል። ልክ እንደደረሳችሁ ለልጆቹ የጁኒየር ሬንጀር መጽሐፍ ጠይቁ። ነፃ ነው። ሞልተው ሲመልሱ ቃለ መሐላ ገብተው ባጅ ይቀበላሉ። የአሥር ዓመት ልጅን ሁለት ቀን ሙሉ ከስልክ የሚለየው ይህ ነው። በበጋ ማዕከሉ ውስጥ ባለሙያዎች ቅሪተ አካል ከድንጋይ ሲያጸዱ በመስታወት ሳይሆን ፊት ለፊት ማየትና መጠየቅም ይቻላል።

ማደሪያ በፓርኩ ውስጥ ‹ሴዳር ፓስ ሎጅ› አለ። ትንንሽ ጎጆዎች ናቸው፤ ቶሎ ይሞላሉ፤ ዛሬውኑ ደውሉ። ካልተገኘ ዎል ከተማ ሞቴል አይጠፋም። ሎጁ ካገኛችሁ ግን የሌሊቱን ሰማይ ከበር ላይ ታዩታላችሁ። የከተማ መብራት የለም። ጨረቃ ከሌለች ፍኖተ ሐሊብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። የሴንት ፖል ልጆች ይህን አይተው አያውቁም።

በማግሥቱ ሳይነጋ ተነሡ። ለእንቅልፍ አትዘኑ፤ ሰዓታችሁ ገና በሚኒሶታ ስለሆነ ከባድ አይደለም። በመኪና ወደ ምዕራብ፣ ፒናክልስ ወደሚባለው መመልከቻ ሂዱ። ከዚያ ‹ሴጅ ክሪክ ሪም ሮድ› ይጀምራል። ጠጠር መንገድ ነው፣ ለተራ መኪና ይሆናል። ዘንቦ ከሆነ ግን አትግቡ። ሸክላው ሲረጥብ ጎማ ላይ ይጣበቃል፣ መኪናው ይንሸራተታል።

ፒናክልስ አካባቢ ትልልቅ ቀንድ ያላቸው የዱር በጎች አሉ። ገደል ጫፍ ላይ የሚቆሙት ልክ እንደ ሰሜን ተራሮች ዋልያ ነው። እናትሽ ከመኪናው ሳይወርዱ ያዩአቸዋል። ቀጥሎ ባይሰን፣ የአሜሪካ ጎሽ ነው። ከዚህ አገር ጠፍቶ ነበር፤ በ1963 ወደ ፓርኩ ተመለሰ። አሁን ከሺህ በላይ ሆኗል። ወንዱ እስከ 900 ኪሎ ይመዝናል፣ ከሰውም ሦስት እጥፍ ያህል ይፈጥናል። ሐምሌና ነሐሴ የመራቢያ ወራቸው ስለሆነ ወንዶቹ ይቆጣሉ። ጭራውን ካነሣ ተናዷል ማለት ነው። መንገዱን ከዘጋባችሁ ሞተር አጥፍታችሁ ጠብቁ፤ ጥሩምባ አትንፉ። መኪና ውስጥ ሁኑ። ከወረዳችሁም ቢያንስ 100 ሜትር ራቁ። ሬንጀሮች ለልጆች የሚያስተምሩት ዘዴ ጥሩ ነው፤ ክንድን ዘርግቶ አውራ ጣትን ማቆም። አውራ ጣቱ እንስሳውን ካልሸፈነው ቀርባችኋል።

ከፒናክልስ አምስት ማይል ያህል ሲሄድ ‹ሮበርትስ ፕሬሪ ዶግ ታውን› አለ። ፕሬሪ ዶግ ጉድጓድ ውስጥ በመንደር የሚኖር ትንሽ እንስሳ ነው። ቀጥ ብሎ በሁለት እግሩ ይቆማል፣ ይጮሃል፣ ጎረቤቱን ያስጠነቅቃል። ትንሿ ልጅሽ በሙሉ ጉዞው የምታስታውሰው እሱን ይሆናል። ልታበላው ትፈልጋለች፤ አይፈቀድም። እነዚህ እንስሳት ላይ ያለው ቁንጫ ቸነፈር (ፕሌግ) የሚባለውን በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ወደ ጉድጓዱ አትቅረብ። ይህን ለትልቋ ሌላ ታሪክ አድርጋችሁ ንገሯት፤ በዋናነት ፕሬሪ ዶግን እያደነ የሚኖር ጥቁር እግር ያለው ፌሬት የሚባል እንስሳ አለ። ጠፍቷል ተብሎ ነበር። በ1981 በዋዮሚንግ ጥቂቶች ተገኙ፣ ተዋለዱ፣ በ1994 እዚህ ተለቀቁ። በሌሊት ስለሚወጣ አታዩትም፤ መኖሩን ማወቁ ግን ደስ ይላል።

ፀሐይ ከፍ ስትል ጨርሱ። ከዚያ እስከ ከሰዓት በኋላ ጥላ ወይም ኤሲ ያለበት ቦታ ሁኑ። በበጋ ሙቀቱ ከ100 ፋራናይት ሊያልፍ ይችላል፤ ዛፍ የለም። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላብ ሳይታወቅ ይተናል፤ ልጅም አዛውንትም ሳይጠማቸው ይደክማሉ። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን ውኃ ያዙ። የወንዙ ውኃ ጭቃ ነው፣ አጣርቶም አይጠጣም።

የእናትሽን መድኃኒት ነገር ከጉዞው በፊት ለሐኪማቸው ንገሪ። አንዳንዱ የደም ግፊት መድኃኒት ሽንት የሚያበዛ ነው፤ በሙቀት ውስጥ ያ ሰውነትን ያደርቃል። መጠኑን ራሳችሁ አትቀንሱ፣ ጠይቁ። ቀኑን መቀየር ካልቻላችሁና በፍልሰታ ከሄዳችሁ ደግሞ ስለ ውኃው ከንስሐ አባታቸው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። ልጅ «እማዬ ጠጪ» ስትል የማይሰሙ እናቶች የንስሐ አባታቸውን ይሰማሉ። ነገሩ መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ ሳይሆን ቤት ሳሉ ይወሰን።

ስለ እባቡ። አለ። በፓርኩ ውስጥ መርዛማው አንድ ዓይነት ነው፤ ጭራውን የሚያንኳኳው ራትልስኔክ። ሰው ፈልጎ አይመጣም። ሰው የሚነደፈው ሲረግጠው ወይም እጁን ሳያይ ድንጋይ ሥር ሲያስገባ ነው። ስለዚህ ሁሉም የተሸፈነ ጫማ ያድርግ፤ ሰንደል ይቅር። ትንሿን እጇን ያዙ። ሳያዩ ድንጋይ ላይ መቀመጥ የለም። ጭራ ሲንኳኳ ከተሰማ ባሉበት ቆሞ ድምፁ ከየት እንደመጣ አይቶ በቀስታ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ምናልባት ቢነድፍ አይበጣ፣ አይመጠጥ፣ በገመድ አይታሰር። ተነዳፊው ሳይንቀሳቀስ ወደ 911 ይደወል። ስልክ ብዙ ቦታ ስለማይሠራ ወደ ማዕከሉ የሚወስደውን መንገድ አስቀድማችሁ እወቁ። እኔን ከእባቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ገደሉ ነው። በአብዛኛው ቦታ አጥር የለም፣ ጫፉም ለስላሳ ሸክላ ነው፣ ይናዳል። ፎቶ ለማንሣት ወደ ጫፍ የሚጠጋ ልጅ ካለ ቁጡት። ከሰዓት በኋላ ደመና ከከበደም ወዲያው ወደ መኪና ግቡ፤ መብረቁም በረዶውም ድንገተኛ ነው።

ለ13 ዓመቷ ‹ኖች ትሬል› አለላት። አንድ ማይል ተኩል ነው፣ መሐሉ ላይ ከግንድ የተሠራ መሰላል ይወጣል። ከፍታ የምትፈራ ካልሆነች ከአባቷ ጋር በመጀመሪያው ምሽት ይሂዱ፤ እናንተ በዊንዶው በኩል ቆዩ። ዘንቦ ከሆነ ይቅር። የታሪክ ፍላጎት ካላት ደግሞ ኤግዚት 131 አጠገብ የሚኒትማን ሚሳይል ሙዚየም አለ። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በሳውዝ ዳኮታ ሜዳ ሥር 150 የኑክሌር ሚሳይሎች ተቀብረው ነበር። ኤግዚት 116 ላይ አንዱ ጉድጓድ በመስታወት ተሸፍኖ ይታያል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይህ የላኮታ ሕዝብ አገር ነው። የፓርኩ ደቡባዊ ክፍል ያለው በፓይን ሪጅ፣ በኦግላላ ላኮታ መሬት ውስጥ ነው። በ1942 መንግሥት ያንን መሬት ለአውሮፕላን የተኩስ ልምምድ ብሎ ወሰደው፤ ከመቶ በላይ ቤተሰቦች ከቤታቸው ተነቀሉ። ከፓርኩ በስተደቡብ ባለው ዉንድድ ኒ ደግሞ በዲሴምበር 29 ቀን 1890 ወታደሮች ከ150 በላይ ላኮታዎችን፣ ብዙ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፣ ገደሉ። ማዕከሉ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሕዝብ ወጥቶ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ከሆነው ከቤን ራይፍል ነው። በአራት ቀን ደቡቡን ማዳረስ አትችሉም። ትልቋ ልጅሽ ግን ማውንት ረሽሞር ፊት ከመቆሟ በፊት ይህን ብታውቅ ደስ ይለኛል። እዚያ ያሉት ተራሮችም ለላኮታዎች ቅዱስ ናቸው።

ምግብ ከቤት ያዙ። አካባቢው ላይ በርገርና ስቴክ ነው። እንጀራውን ተጠቅልሎ በማቀዝቀዣ ሳጥን፣ ሽሮ ዱቄት፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ፍራፍሬ ይበቃል። ቡናውን አትተዉ። ‹ኮናታ› የሚባለው የሽርሽር ቦታ ጠረጴዛና መጠለያ አለው። ጀበናውን በትንሽ የጋዝ ምድጃ ላይ ጣዱት። ክፍት እሳት በፓርኩ ውስጥ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ከሰሉንና ዕጣኑን እቤት ተዉት። ነፋሱ አንድ ፍም ካነሣ ሜዳው ሁሉ ይቃጠላል። ለጉዝጓዝ ሣር መንቀልም አይቻልም። ውኃውን ከማዕከሉ ቀድታችሁ ሂዱ፤ እዚያ የለም።

ከዚያ በዎል በኩል ውጡ። ልጆቹ ከቼምበርለን ጀምሮ የ‹ዎል ድራግ›ን ማስታወቂያ ሲቆጥሩ ስለሚመጡ ሳትቆሙ አታልፉም። በ1931 አንድ ፋርማሲስት ከሚስቱ ጋር የገዙት ትንሽ መድኃኒት ቤት ነበር። በ1936 «ነፃ የበረዶ ውኃ» የሚል ጽሑፍ መንገድ ላይ ተከሉ፤ መንገደኛው ጎረፈ። ውኃው ዛሬም ነፃ ነው። ለእኩለ ቀን ዕረፍት ጥሩ ቦታ ነው፣ ቀዝቃዛም ነው፤ የሚገዛው ነገር ግን ብዙም አይጠቅምም።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ራፒድ ሲቲ ግቡና እደሩ። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ማውንት ረሽሞር ነው፤ ፀሐይ ፊቶቹ ላይ የምታርፈው በማለዳ ስለሆነ እሱንም ቀድማችሁ ሂዱ። ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። የቀረውን ቀን ለካስተር ስቴት ፓርክ ስጡት፤ መግቢያው ለብቻው ይከፈላል፣ የብሔራዊ ፓርኩ ማለፊያ አይሠራም። በአራተኛው ቀን ወደ ቤት 600 ማይል ገደማ ነው። ያተረፋችሁት አንድ ሰዓት በመመለሻው ይወሰዳል። ስለዚህ በጨለማ ተነሡ፤ ሾፌሩንም ሱ ፎልስ ላይ ቀይሩት።